የጭነት መኪና ጎማ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ገበሬ እህሉን ወቅቶ፣ አበራይቶ፣ በጆንያ ከቶ ሲጨርስ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን እህሉ ገበያ ካልደረሰ ድካሙ ዋጋ አያገኝም። ዱሮ እህል የሚጓጓዘው በአህያና በበቅሎ ነበር። ዛሬ ረጅሙን መንገድ የሚሄደው በጭነት መኪና ነው። አንዳንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖችም የራሳቸውን መኪና ገዝተዋል። ከልጆቻችንም ሾፌርና ረዳት የሆኑ አሉ። ስለዚህ የመኪናን ነገር «የከተማ ሰው ነገር ነው» ብለን አንተወውም።

በቅሎ ስትጫን ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ጀርባዋ ይገጠባል። ዐዋቂ ነጋዴ ይህን ሲያይ ወርዶ ጭነቱን ያስተካክላል። «እስክንደርስ ትቻለው» አይልም። መኪናም ሲታመም ምልክት ያሳያል። አንዱ ምልክት መንቀጥቀጥ ነው።

እንበል፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ያለ አንድ ማኅበር ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ከመኪናው የፊት ጎማዎች የአንዱ ቸርኬ ስለ ተሰነጠቀ ማኅበሩ ሌላ ቸርኬ ገዝቶ አስገጥሟል። መኪናው በዝግታ ሲሄድ ምንም አይል። ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግን መሪው በሾፌሩ እጅ ላይ ይንዘፈዘፋል።

ረዳቱ «ጋሼ፣ ምን ሆነ? ብናቆም አይሻልም?» ይላል።

ሾፌሩም «ተወው፣ ፈጠን ስንል ይተወዋል» ብሎ ይመልሳል።

እውነትም ፍጥነቱ 75 ሲደርስ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ሾፌሩ ፈገግ ይላል፤ ረዳቱም ዝም ይላል። ለመሆኑ ልክ የሆነው ማን ነው? ሾፌሩ ወይስ ረዳቱ? መልሱን ለማግኘት ጎማ እንዴት እንደሚገጠምና ለምን እንደሚንቀጠቀጥ እንይ።

የጎማው ክፍሎች

ብዙ ሰው «ጎማ» ሲል ሁሉንም በአንድ ይጠራል። ነገር ግን ክፍሎቹ የተለያዩ ናቸው። ጎማ የሚባለው መሬት የሚነካው ላስቲክ ነው። በውስጡ ንፋስ የሚይዘው ካላማዳሪ ነው። ካላማዳሪ የማያስፈልገው ጎማም አለ። ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት ቸርኬ ይባላል። ቸርኬው የሚገጠምበት፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከረው የመኪናው ብረት ሞዞ ነው። ከሞዞው ላይ ብሎኖች ወጥተው ይታያሉ። ቸርኬው በቀዳዳዎቹ በኩል በብሎኖቹ ላይ ይገባል። ከዚያም በዳዶ ይጠብቃል። ጎማ የሚሠራው ሰው ጎሚስታ፣ መኪና የሚያነሳው መሣሪያ ክሪክ ነው። ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

አንድ ነገር በደንብ እንያዝ። ጭነቱን የሚሸከመው ብሎኑ ብቻውን አይደለም። ዳዶዎቹ ሲጠብቁ ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አጥብቀው ያጣብቁታል። ሁለቱ ብረቶች ተጣብቀው እንደ አንድ ብረት ሲሆኑ ጭነቱን ይችላሉ። ከተላቀቁ ግን ቸርኬው በየዙሩ ብሎኖቹን ይመታል። ብሎን ሲመታ ይደክማል፤ ሲደክም ይሰበራል። አንዱ ሲሰበር ሸክሙ ለቀሩት ይተርፋል፤ እነሱም በተራ ይሰበራሉ። በመጨረሻ ጎማው ወልቆ ይሄዳል። የከባድ መኪና ጎማ ከነቸርኬው 100 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በፍጥነት የሚንከባለል 100 ኪሎ ሰው ካገኘ ይገድላል።

ስለ እንዝርትና ስለ ወንጭፍ

እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርት ያሾራሉ። የእንዝርቱ ክብ በትክክል መሐል ላይ ከሆነ እንዝርቱ ቀጥ ብሎ ይሾራል። ክቡ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ግን እንዝርቱ ይወላገዳል፤ ፈትሉም ይበጠሳል። የመኪና ጎማም ትልቅ እንዝርት ነው። መሐሉ ከመሐል ካልገጠመ ወይም አንዱ ጎኑ ከሌላው ከከበደ ቀጥ ብሎ አይሾርም።

አሁን ደግሞ ወንጭፍን እናስብ። ድንጋዩን በወንጭፍ ውስጥ አድርገን በቀስታ ስናዞር እጃችንን ብዙም አይጎትትም። በኃይል ስናዞር ግን አጥብቆ ይጎትታል። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ ክብደቱ አልጨመረም። የጨመረው ፍጥነቱ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉተታው እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህን በመኪና ጎማ እናስላው። የአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ ዙሪያ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ነው። መኪናው በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው በአንድ ሴኮንድ ከአምስት ጊዜ በላይ ይዞራል። በክረምት ዋልካ አፈር ከቸርኬው ውስጥ ገብቶ በአንድ ጎን ደረቀ እንበል። ክብደቱ 1 ኪሎ ግራም፣ ከጎማው መሐል ያለው ርቀት 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። መኪናው በ35 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ ይህ ጭቃ ጎማውን ከ7 እስከ 8 ኪሎ ግራም በሚሆን ኃይል ይጎትታል። በ70 ሲሄድ ግን ጉተታው 30 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ይህ ጉተታ በየዙሩ ጎማውን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ይመታዋል። በዝግታ ሲሄድ ደህና የነበረ መኪና ሲፈጥን የሚንቀጠቀጠው ስለዚህ ነው።

ቸርኬው ከመሐል ካልተቀመጠም ውጤቱ ያው ነው። 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጎማ በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከመሐሉ ቢወጣ፣ በላስቲኩ ዳር ላይ 360 ግራም ያህል ብረት እንደ ማሰር ይቆጠራል። 2 ሚሊ ሜትር በዓይን ሲታይ በጣም ትንሽ ነው። ስንገጥም የምንንቀው ትንሽ ቆሻሻ ስንፈጥን ትልቅ ጠላት ይሆናል።

ሌላ ቸርኬ ሲገዛ

የማኅበር የግዥ ኮሚቴ ብዙ ጊዜ ዋጋውን ብቻ ያያል። የቀዳዳውን ብዛት ቆጥሮ «10 ነው፣ ይገጥማል» ብሎ መግዛት አይበቃም። በመጀመሪያ አራት ነገሮች ይለኩ።

አንደኛ፣ የቀዳዳዎቹ ክብ ስፋት ነው። ባለ 10 ቀዳዳ ሆነው ክባቸው የተለያየ ቸርኬዎች አሉ። በብዙ የአውሮፓና የቻይና ከባድ መኪናዎች ላይ ይህ ስፋት 335 ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካ መኪናዎች ላይ ግን 285.75 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 10 ቀዳዳ አለ።

ሁለተኛ፣ የቸርኬው የመሐል ቀዳዳ ነው። በአንዳንድ መኪናዎች ቸርኬውን መሐል ላይ የሚያስቀምጠው ሞዞው ነው። የመሐሉ ቀዳዳ ከሞዞው ከሰፋ ቸርኬው ወደ ታች ይወርዳል፤ ከመሐሉም ይወጣል። ብሎን ላይ ገብቶ ዳዶው ስለ ጠበቀ ገጠመ ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ የዳዶው መቀመጫ ነው። አንዳንዱ ቸርኬ ቀዳዳው እንደ ስኒ የጎደጎደ ነው፤ ዳዶውም እንደ እንቁላል ጫፍ የከበበ ነው። እነዚህ ተቃቅፈው ቸርኬውን መሐል ላይ ያስቀምጡታል። ሌላው ዓይነት ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፤ ዳዶውም ጠፍጣፋ እግር አለው። የአንዱን ዳዶ ከሌላው ቸርኬ ጋር ማጋባት ክልክል ነው። ሲጠብቅ የጠበቀ ይመስላል፤ መንገድ ላይ ግን ይላላል።

አራተኛ፣ የቸርኬው ወርድ፣ ቁመትና የመሸከም አቅም ነው። እነዚህ ቁጥሮች በቸርኬው ላይ ተቀርጸዋል። ማንበብ ለሚችል ሰው ብረቱ ራሱ ይናገራል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቁጥሮቹን ማስተያየት ነው። የተበየደ፣ የተሰነጠቀ፣ ቀዳዳው ሞላላ የሆነ ቸርኬ በነፃም ቢሰጥ አይወሰድ።

አገጣጠም

ቸርኬው ልክ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ሥራው እንዲህ ይሠራል።

1. መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም። የእጅ ፍሬን ይያዝ። በሌሎቹ ጎማዎች ሥር ታኮ ይደረግ። ሥራው ሲያልቅ ታኮ የነበረው ድንጋይ ከመንገድ ላይ ይነሳ። ለእኛ ታኮ የነበረው ለሚቀጥለው መኪና መገልበጫ ነውና።

2. መኪናው በክሪክ ከመነሳቱ በፊት ዳዶዎቹ ትንሽ ይላሉ። መኪናው ከተነሳ በኋላ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ጠንካራ መደገፊያ ይደረግ።

3. የሞዞው ፊትና የቸርኬው ጀርባ በሽቦ ብሩሽ ይጸዱ። ዝገት፣ ጭቃ፣ ግራሶና ወፍራም ቀለም ይወገድ። አዲስ ቸርኬ እንዲያምር ተብሎ ደጋግሞ ከተቀባ ቀለሙ ከዳዶው ሥር ይደቃል። ቀለሙ በደቀቀ መጠን ዳዶው ይላላል። በብረትና በብረት መካከል ምንም አይኑር።

4. የብሎኖቹ ጥርስ ይታይ። ጥርሱ የተበላ ወይም የተሳበ ብሎን ይለወጥ። አንድ ብሎን ተሰብሮ ከተገኘ በግራና በቀኙ ያሉትም ደክመዋልና አብረው ይለወጡ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከተሰበሩ የዚያ ጎማ ብሎኖች ሁሉ ይለወጡ።

5. ቸርኬው ቀጥ ብሎ ይግባ። ዳዶዎቹ መጀመሪያ በእጅ ይዙሩ። በእጅ የማይዞር ዳዶ በግድ አይዙር። በአንዳንድ የጃፓን መኪናዎች የግራ ጎን ዳዶ የሚጠብቀው በግራ በኩል ሲዞር ነው። በብሎኑ ጫፍ ላይ ያለውን ምልክት ሳያዩ ማጥበቅ ብሎን ይሰብራል።

6. ዳዶዎቹ በተራ አይጠብቁ። ከበሮ የሚጠፍር ሰው ጠፍሩን በአንድ ወገን ብቻ አይወጥርም። አንዱን ወዲህ፣ ፊት ለፊት ያለውን ወዲያ እያለ በጥቂት በጥቂቱ ይወጥራል። ዳዶም እንዲሁ ነው። አንዱ ጠበቅ ይደረግ፤ ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ ያለው። ሁሉም በዚህ ዓይነት አንድ ዙር ትንሽ፣ ሁለተኛ ዙር ጠበቅ ይደረጉ። ከዚያ መኪናው መሬት ይውረድና በመጨረሻው ዙር በደንብ ይጠብቁ።

ምን ያህል ይጥበቅ? ልኩ በመኪናው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው 10 ብሎኖች ላሉት ብዙ ከባድ መኪና ልኩ 600 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ይህ ማለት 1 ሜትር ርዝመት ባለው አግድም መፍቻ ጫፍ ላይ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲጫነው የሚገኘው ኃይል ነው። አነስተኛ መኪና ከዚህ ያነሰ ይበቃዋል። ከሁሉ የሚሻለው ልኩን በቁጥር በሚያሳይ መፍቻ ማጥበቅ ነው። አንዳንድ ረዳት መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ይዘልበታል። ይህ ጉብዝና አይደለም። ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን እንደ ጎማ ማስቲካ ይሳብና መያዙን ይተዋል። የላላም የተሳበም ብሎን መጨረሻቸው አንድ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ 10 ዳዶዎች እኩል ከያዙ ጭነቱን ይችላሉ። ሦስቱ ብቻ ከያዙ ግን ሦስቱም አይተርፉም።

ደጀን ላይ እንቁም

አዲስ የተገጠመ ጎማ የመጀመሪያውን መንገድ ሲሄድ ይረጋጋል። የቀረ ዝገትና ቀለም ይደቃል፤ ብረቱም ከብረቱ ጋር ይላመዳል። ስለዚህ በደንብ የጠበቀ ዳዶ እንኳ ትንሽ ይላላል። ይህ የሠራተኛው ጥፋት አይደለም፤ የብረት ጠባይ ነው። ጥፋት የሚሆነው ቆሞ እንደገና አለማጥበቅ ነው። ጎማ ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው መንገድ ውስጥ ዳዶዎቹ ዳግመኛ መጥበቅ አለባቸው።

የኛን የጤፍ መኪና እንውሰድ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደጀን በኋላ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ፍሬኑ ይግላል፤ ጭነቱ ወደ ፊት ይጫናል፤ መንገዱ ይጠማዘዛል። በዚያ ገደል ጎማ ሲወልቅ የሚያዝ ነገር የለም። ስለዚህ ደጀን ላይ ሻይ ሲጠጣ መፍቻው ይውጣ። አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዳዶዎቹን ሁሉ ማጥበቅ ይቻላል።

ብዙ ወጪ የሌለው አንድ ዘዴም አለ። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ከዳዶው እስከ ቸርኬው የሚደርስ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ይሰመር። ዳዶው ሲላላ መስመሩ ይሰበራል። ረዳቱ በቆመበት ሁሉ መስመሩን እያየ ማወቅ ይችላል።

መንቀጥቀጡ ምን ይላል?

መኪናው ሲንቀጠቀጥ በሽታው የት እንዳለ ይጠቁማል። ማዳመጥ ያስፈልጋል።

መሪው ከተንቀጠቀጠ ብዙ ጊዜ በሽታው የፊት ጎማ ነው። ወንበሩና ወለሉ ከተንቀጠቀጡ የኋላ ጎማ ይታይ።

መንቀጥቀጡ በአንድ ፍጥነት መጥቶ ሲፈጥን ወይም ሲዘገይ የሚቀንስ ከሆነ የጎማው ክብደት አልተመጣጠነም ወይም ቸርኬው ከመሐል አልተቀመጠም። መጀመሪያ በቸርኬው ውስጥ ጭቃ ይኑር አይኑር ይታይ። ከዚያ ጎማው በሚዛን ማሽን ይመዘንና በቀለለው ጎን ትንሽ የብረት ወይም የእርሳስ ክብደት ይደረግበት።

መኪናው በዝግታ ሲሄድም የሚወዛወዝ ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል ወይም ጎማው በቸርኬው ላይ እኩል አልተቀመጠም። ይህን ያለ ማሽን ማየት ይቻላል። ጎማው በክሪክ ይነሳ። ከላስቲኩ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ እንጨት መሬት ላይ ይተከል። ጎማው በእጅ በቀስታ ይዙር። በእንጨቱና በጎማው መካከል ያለው ክፍተት አንዴ የሚጠብ፣ አንዴ የሚሰፋ ከሆነ ጎማው ጠማማ ነው። በዚያው ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መወዝወዝም ጥሩ ነው። ከተወላወለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም ተበልቷል።

ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በሽታው የፍሬኑ ታምቡር እንጂ የጎማው ሚዛን አይደለም።

የኳኳታ ድምፅ ከተሰማ ወይም ከዳዶው ሥር ቀይ የዝገት እንባ ሲፈስ ከታየ ዳዶው ላልቷል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። እዚያው ይቆም።

ሁለት ጎማ ጎን ለጎን በሚገጠምበት በኋላ በኩል ሁለቱ ጎማዎች እኩል ይሁኑ። አንዱ አዲስ ሌላው ያለቀ ከሆነ ትልቁ ብቻውን ይሸከማል፤ ግሎም ይፈነዳል። በመካከላቸው የተቀረቀረ ድንጋይም ይውጣ።

ስለ ንፋስ አንድ ማስጠንቀቂያ

በካላማዳሪ በሚሠሩ አሮጌ መኪናዎች ላይ ቸርኬው ጎማውን የሚይዝ የብረት ቀለበት አለው። ቀለበቱ በደንብ ሳይገባ ንፋስ ከተሞላ እንደ ጥይት ይወረወራል። ሰው ገድሎ ያውቃል። ስለዚህ ንፋስ ሲሞላ ጎማው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይሁን። ማንም ሰው በቀለበቱ ፊት አይቁም። ንፋስ ያለበት ቀለበት በመዶሻ አይመታ። ጎማው ከቸርኬው ከመላቀቁ በፊትም ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ።

ልክ የሆነው ማን ነው?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ልክ የሆነው ረዳቱ ነው። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ በልኩ ጊዜ ሲገፋ ከፍ ይላል። ግፊቱ ከፈጠነ ግን ያን ያህል አይወዛወዝም፤ ገፊው ግን መምታቱን አላቆመም። የመኪናውም እንዲሁ ነው። በ75 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መንቀጥቀጡ የቀነሰው በሽታው ስለ ዳነ አይደለም። ጎማው የሚመታበት ጉልበት እንዲያውም ጨምሯል። ሾፌሩ አልተሰማውም እንጂ ብሎኑ፣ ኩሽኔታውና መሪው ተሰምቷቸዋል።

ረዳት ታናሽ ነው ተብሎ ቃሉ አይናቅ። ሾፌርም «ቆመን እንይ» ቢባል ክብሩ አይቀንስም። ማኅበሩም «ለምን ዘገያችሁ?» ብሎ አይቆጣ። አንድ ሰዓት የዘገየ ጤፍ ይሸጣል፤ ገደል የገባ ጤፍ አይሸጥም። ሰው ከሞተ ደግሞ በምንም አይተካም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው ነገሩ።

ጥያቄዎች

1. መኪና ሲፈጥን ከቀድሞው ይልቅ የሚንቀጠቀጠው ለምንድን ነው? ወንጭፍን ምሳሌ አድርጋችሁ አስረዱ።
2. ቸርኬ ሲገዛ ቀዳዳ መቁጠር ብቻ የማይበቃው ለምንድን ነው?
3. ዳዶዎች ፊት ለፊት እየተዘለለ የሚጠብቁት ለምንድን ነው?
4. ከእናንተ አካባቢ የሚነሳ መኪና ዳዶውን ዳግመኛ ለማጥበቅ የት ቢቆም ይሻላል? በኪሎ ሜትር ቆጥራችሁ ተወያዩበት።